ጠቋሚው ላይ የታተመው ቁጥር የሚጮኽበትን ሰዓት አይናገርም፦ የእሳት ጠቋሚዎችን የምላሽ ጊዜ ስለ መተንበይ የተሰጠ ምላሽ

ለሕንፃ ባለቤቶችና ለሥራ ተቋራጮች ታስቦ የተጻፈ አንድ መጣጥፍ ሰሞኑን ደርሶኝ በጥሞና አነበብኩት። የመጣጥፉ ዋና ሐሳብ የጭስና የሙቀት ጠቋሚዎች እሳት ከተነሣ በስንት ሰከንድ ውስጥ እንደሚጮኹ በቀላሉና በእርግጠኝነት ማስላት ይቻላል የሚል ነው። ጸሐፊው ይህን የሚደግፉ አምስት ነጥቦች አስቀምጠዋል። የሙቀት ጠቋሚ በዙሪያው ያለው አየር በላዩ ላይ የታተመውን ዲግሪ እንደ ደረሰ ይጮኻል፤ ለጭስ ጠቋሚ ደግሞ አየሩ በ13 ዲግሪ የጨመረበትን ቅጽበት መውሰድ በቂ ነው፤ በጠቋሚዎች መካከል ያለው ርቀት በደንቡ የርቀት ሠንጠረዥ መሠረት እስከተጠበቀ ድረስ የኮርኒሱ ከፍታ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ የኮምፒውተር ሞዴል የሰጠው ሰከንድ በርክክብ ሰነድ ላይ እንዳለ ሊሰፍር ይችላል፤ በመጨረሻም በርክክቡ ቀን በጭስ ጣሳ የሚደረገው ሙከራ ስሌቱን ያረጋግጣል ይላሉ።

ስሞክ ዲቴክተርና ሂት ዲቴክተር እያልን የምንጠራቸውን እነዚህን መሣሪያዎች በመግጠምና በመፈተሽ ዓመታት ያሳለፍኩ እንደመሆኔ፣ ጸሐፊው ባለቤቶች ከገጣሚው ስሌት እንዲጠይቁ መምከራቸውን ከልቤ እደግፋለሁ። ኮርኒሱ ላይ ነጭ ክብ ነገር ተለጥፎ ማየት የሚበቃቸው ባለቤቶች ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ አምስቱም ነጥቦች የምላሽ ጊዜን የመሣሪያው የግል ጠባይ አድርገው ያቀርቡታል። የምላሽ ጊዜ እሳቱ፣ ክፍሉና መሣሪያው አንድ ላይ የሚወልዱት ውጤት ስለሆነ፣ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ የተነገረ ሰከንድ ሰው ተኝቶ ለሚያድርበት ቤት ዋስትና ሊሆን አይችልም።

የመጀመሪያው ነጥብ ለሌሎቹ መሠረት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልቆይበት። በሙቀት ጠቋሚ ላይ 57 ዲግሪ ተብሎ ሲታተም፣ ቁጥሩ የሚናገረው በውስጡ ያለው ሙቀት ተቀባይ አካል ራሱ 57 ሲደርስ እንደሚሠራ ነው። አየሩ ቀድሞ ይሞቃል፤ ተቀባዩ አካል ግን ክብደት ስላለው፣ እሳት ላይ የተጣደ ምጣድ ወዲያው እንደማይግል ሁሉ፣ ሙቀቱን ለመጥገብ ጊዜ ይፈልጋል። ይህን መዘግየት በቁጥር የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1976 በፋክተሪ ሚውቹዋል የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ሄስከስታድና ስሚዝ ናቸው። መጀመሪያ ለስፕሪንክለር፣ ማለትም ሙቀት ሲደርሰው ራሱ ተከፍቶ ውሃ ለሚረጨው መሣሪያ፣ ያወጡት ይህ ቁጥር፣ በሙያው አርቲአይ የሚባለው፣ የተቀባዩን አካል የመሞቂያ ጊዜ በአጠገቡ በሚያልፈው አየር ፍጥነት ስኩዌር ሩት በማባዛት ይገኛል። ፍጥነቱ የገባበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሚሮጥ ሙቅ አየር ከቆመ ሙቅ አየር ይልቅ ቶሎ ያሞቃል።

ቁጥር አስገብተን እንየው። ከሚነደው ነገር እስከ ኮርኒሱ 4 ሜትር የሆነበት ክፍል እንውሰድ። ጠቋሚው ከእሳቱ አናት 3 ሜትር ወደ ጎን ርቆ ተሰቅሏል፤ የክፍሉ አየር 20 ዲግሪ ነው፤ እሳቱም 500 ኪሎዋት ላይ ጸንቶ ይነዳል። አልፐርት የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ኮርኒስ ተከትሎ ለሚሮጠው ሙቅ አየር ባወጣቸው ቀመሮች ስናሰላ፣ ጠቋሚው አጠገብ የሚያልፈው አየር ወደ 61 ዲግሪ ይደርሳል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 1.2 ሜትር ያህል ይሆናል። አየሩ 57ን አልፏልና በጸሐፊው አባባል ጠቋሚው እዚያው መጮኽ ነበረበት። አርቲአዩ 50 የሆነ ጠቋሚ ግን ሙቁ አየር ከደረሰው በኋላ ተጨማሪ 108 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ አርቲአዩ 100 የሆነው 215 ሰከንድ። በሁለቱም ላይ የታተመው 57 ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው።

የክፍሉ የመነሻ ሙቀትም በመጣጥፉ ውስጥ ቦታ አላገኘም። በዚያው ክፍል፣ በዚያው ርቀት፣ መዘግየቱን ሙሉ በሙሉ ትተን እንኳ፣ አየሩን 57 ለማድረስ የሚያስፈልገው አነስተኛ የእሳት ኃይል 433 ኪሎዋት ያህል ነው። ሌሊት አየሩ 10 ዲግሪ በሆነበት የአዲስ አበባ መጋዘን ግን ወደ 620 ኪሎዋት ይጠጋል፤ ቀትር ላይ 35 ዲግሪ በሆነበት የድሬዳዋ መጋዘን ደግሞ 200 ኪሎዋት ይበቃል። ያው ጠቋሚ አንዱ ከተማ ላይ ከሌላው ከሦስት እጥፍ በላይ የበረታ እሳት እስኪነሣ ይጠብቃል ማለት ነው። የሙቀቱን ልክ ሳይሆን አካሄዱን የሚከታተሉት፣ ማለትም አየሩ በደቂቃ ከ8 ዲግሪ በላይ ሲጨምር የሚጮኹት ዓይነቶች ይህን ችግር በብዙ ያቃልሉታል። ጸሐፊው እነዚህን ከቋሚዎቹ ሳይለዩ በአንድ ስም መጥራታቸው አንባቢን ያሳስታል።

አዲስ አበባን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ በአገራችን የሚሠሩ ስሌቶች ላይ ተነሥቶ አይቼው አላውቅምና። ጸሐፊውም እኛም የምንጠቀምባቸው ቀመሮች ቋሚ ቁጥሮቻቸው የባሕር ጠለልን አየር ይዘው የተዘጋጁ ናቸው። የአዲስ አበባ አየር እፍጋቱ ከዚያ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቀመሩን ወደ ሥረ መሠረቱ መልሰን እፍጋቱን ብናስገባ፣ እሳቱ እኩል ኃይል ቢኖረው የአየሩ ሙቀት ጭማሪ በ20 በመቶ፣ ፍጥነቱም በ10 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። በሌላ በኩል የሳሳ አየር ሙቀቱን ለጠቋሚው የሚያቀብለው ቀስ ብሎ ነው፤ እሳቱ ራሱም በሳሳ አየር የሚያድግበት ፍጥነት ሊቀንስ ይችላል። ውጤቶቹ እርስ በርስ ስለሚጎተቱ፣ በባሕር ጠለል ቀመር የተገኘን ሰከንድ እስከ አሥረኛው ክፍል ድረስ መጻፍ ያላደረግነውን ጥንቃቄ እንዳደረግን ማስመሰል ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። የ13 ዲግሪው ደንብ ከየት እንደመጣ ያልተነገረው አንባቢ ጭስ ጠቋሚ ሙቀት የሚለካ ሊመስለው ይችላል። ደንቡ የመጣው ሄስከስታድና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካደረጓቸው ሙከራዎች ነው። ጭስና ሙቀት በአንድ የአየር ጅረት ተጭነው ስለሚጓዙ፣ ጭሱ ጠቋሚውን ለማስጮኽ በሚበቃበት ጊዜ አየሩ በስንት ዲግሪ እንደጨመረ ለኩ። ልኩ በሚነደው ነገርና በጠቋሚው ዓይነት እጅግ ይለያያል፤ ከ2 ዲግሪ በታች የታየበት አለ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ የታየበትም አለ። 13 ዲግሪ በዚህ ሰፊ ስርጭት ውስጥ ለሥራ ማመቻቻ የተመረጠ ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ለዘመኑ ጠቋሚዎች ወደ 5 ዲግሪ የሚጠጋ ልክ ይሻላል ብለዋል። ከላይ በጠቀስኩት ክፍል 13 ዲግሪ የሚያስገኘው እሳት 90 ኪሎዋት ሲሆን፣ 5 ዲግሪ የሚያስገኘው 22 ኪሎዋት አይሞላም። በመካከለኛ ፍጥነት የሚያድግ እሳት ከሆነ ልዩነቱ 88 ሰከንድና 43 ሰከንድ ነው፤ ደንቡን በመምረጥ ብቻ የተተነበየው ጊዜ በእጥፍ ይቀየራል።

ከዚህ የሚብሰው ደንቡ ጨርሶ የማይሠራበት ሁኔታ ነው። ሲጋራ የወደቀበት ፍራሽ ነበልባል ሳያወጣ ለሰዓታት ሊጤስ ይችላል። ክፍሉ በጭስና በካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሞላ የኮርኒሱ አየር በጥቂት ዲግሪ እንኳ ላይጨምር ስለሚችል፣ የ13 ዲግሪው ስሌት ጠቋሚው ፈጽሞ አይጮኽም የሚል መልስ ይሰጣል። እውነተኛው ጠቋሚ ግን ሊጮኽ ይችላል፤ መቼ የሚለው ደግሞ በዓይነቱ ይወሰናል። በጨረር አማካይነት አየርን በኤሌክትሪክ የሚያስሞላው አዮናይዜሽን ነበልባላማ እሳት ለሚያወጣቸው ደቃቅ ብናኞች ይፈጥናል። የብርሃን መበታተንን የሚያየው ፎቶኤሌክትሪክ ደግሞ የሚጤስ እሳት ለሚያወጣቸው ትልልቅ ብናኞች ይፈጥናል። የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የቤት ጠቋሚዎች ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ በሚጤሱት እሳቶች ላይ ፎቶኤሌክትሪኩ አብዛኛውን ጊዜ በብዙ ይቀድም ነበር። አንድ ነጠላ ዲግሪ ለሁለቱም ዓይነቶች ማበጀት ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል።

ጭሱ ጠቋሚው ሥር መድረሱም ሁሉን አይጨርስም፤ በወንፊቱና በነፍሳት መከላከያው አልፎ ወደ ውስጠኛው ክፍል መግባት አለበት። ይህ መዘግየት የሚገመተው ባሕርያዊ ርዝመት የሚባለውን፣ ማለትም የጠቋሚው መግቢያ ጭስን ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚወክለውን ቁጥር፣ ለአየሩ ፍጥነት በማካፈል ነው። ርዝመቱ 1.8 ሜትር ከሆነና አየሩ በሰከንድ 1 ሜትር ከሮጠ መዘግየቱ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ፍጥነቱ ወደ 0.15 ሜትር ሲወርድ ግን 12 ሰከንድ ይሆናል። ከዚያ በታች ጭሱ ውጭውን እየዳበሰ ሊያልፍ ስለሚችል ስሌቱ ራሱ አስተማማኝ አይደለም። ነበልባል የሌለው እሳት አየሩን የሚገፋው በዚህ ደካማ ፍጥነት እንደሆነ ልብ ይሏል።

ፈጣን ጠቋሚ ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለውን የመጣጥፉን መደምደሚያም በዚሁ አጋጣሚ ልመልስ። አሜሪካ የምትኖር አንዲት ዘመዴን ልጠይቅ ሄጄ፣ ቡና ከሚቆላበት ጥግ በላይ ኮርኒሱ ላይ የቀረው የጠቋሚው መሠረት ብቻ መሆኑን አየሁ። ጠቋሚው ባትሪው ወጥቶ ከረከቦቱና ከማቶቱ ጋር መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ገልብጬ ሳየው አዮናይዜሽን ነበር። «ቡናው ገና ሲንጣጣ ይጮኻል፣ ዕጣን ላጭስ ስል ይጮኻል፣ ልጆቹም ይደነግጣሉ፤ ምን ላድርግ ወንድሜ?» አለችኝ። ያ ጠቋሚ በወረቀት ላይ በጣም ፈጣን ነበር። መሳቢያ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን የምላሽ ጊዜው ማብቂያ የለውም። ከመቁያው ራቅ ብሎ የተሰቀለ ፎቶኤሌክትሪክ በስሌት ጥቂት ሰከንድ ቢዘገይም ኮርኒሱ ላይ ይቆያል፤ እኔም ወዲያውኑ ያስገጠምኩላት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ከፍታ ለውጥ አያመጣም የሚለው፣ ጸሐፊው ራሳቸው ከሚጠቅሱት ሠንጠረዥ ጋር ይጋጫል። ኤንኤፍፒኤ 72 የሚባለው የአሜሪካው የእሳት ማንቂያ ደንብ ኮርኒሱ ከ3 ሜትር በላይ ሲሆን የሙቀት ጠቋሚዎች እርስ በርስ እንዲቀራረቡ ያዝዛል። በጠቋሚው ላይ የሚጻፈው ርቀት ራሱ የተገኘው 4.8 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ክፍል ውስጥ ከስፕሪንክለር ጋር በተደረገ ውድድር ስለሆነ፣ ከዚያ ክፍል ውጭ ትርጉሙ ይለወጣል። የኔን ምሳሌ እንደገና ይዘን ከፍታውን ብቻ ከ4 ወደ 8 ሜትር እናሳድገው። ያው 500 ኪሎዋት እሳት የኮርኒሱን አየር የሚያደርሰው 40 ዲግሪ ላይ ብቻ ነው፤ 57 የተጻፈበት ጠቋሚ ጨርሶ አይጮኽም። አየሩ 57 እንዲደርስ 1,220 ኪሎዋት ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህም በስፖንጅ የተሞላ ባለ አንድ መቀመጫ ሶፋ ሙሉ በሙሉ ሲነድ ሊያወጣው የሚችለውን ያህል ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው ከሰከንድ አልፎ ይጮኻል ወይስ አይጮኽም ወደሚለው ተሸጋግሯል።

ጭስ ጠቋሚን በተመለከተ ደግሞ የከፍታው ችግር ሌላ መልክ አለው። ጭስ ወደ ላይ የሚወጣው በዙሪያው ካለው አየር የሞቀ እስከሆነ ድረስ ነው፤ እየወጣ በሄደ መጠንም ቀዝቃዛ አየር እየሳበ ይበርዳል። ጣሪያው ሥር አስቀድሞ የሞቀ አየር ከተኛ፣ ጭሱ ከእርሱ ጋር እኩል ሲሆን ይቆምና ወደ ጎን ይነጠፋል። 10 ሜትር ከፍታ ባለው አዳራሽ ውስጥ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ሙቀቱ ቀስ በቀስ በ15 ዲግሪ የሚጨምር ከሆነ፣ በሞቀ አየር መልክ 10 ኪሎዋት የሚለቅ እሳት ጭሱ ስምንት ሜትር ተኩል አካባቢ ላይ ይቆማል። 10 ኪሎዋት ማለት ሦስት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዶች አንድ ላይ ሲሠሩ የሚፈጁትን ያህል ነው፤ ለጅማሬ እሳት ትንሽ አይደለም። ፀሐይ የመታው የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ከሰዓት በኋላ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

አራተኛው ነጥብ የኮምፒውተር ሞዴልን ይመለከታል። ኤፍዲኤስ የሚባለው፣ ያው የአሜሪካው ተቋም የሚያዘጋጀው ሞዴል፣ እኔም የምገለገልበት ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ኮርኒሱ ወለል ያለ ባይሆንም፣ ሞራሌ ወይም የአየር ማስገቢያ ቢኖርበትም ጅረቱ እንዴት እንደሚታጠፍ ያሳያል፤ ይህን የእጅ ቀመር አይችልም። ሆኖም በአብዛኛው የጠቋሚ ስሌት እሳቱን ለሞዴሉ የሚነግረው ተጠቃሚው ነው። በሙያው እሳት በጊዜ ስኩዌር ያድጋል ተብሎ ይወሰድና ወደ 1,055 ኪሎዋት ለመድረስ በሚፈጀው ጊዜ ይመደባል፤ ፈጣን የሚባለው 150 ሰከንድ፣ መካከለኛው 300፣ ዘገምተኛው 600 ይፈጅበታል። በምሳሌዬ ክፍል 433 ኪሎዋት ለመድረስ ፈጣኑ 96፣ መካከለኛው 192፣ ዘገምተኛው 384 ሰከንድ ይወስዳል። ተጠቃሚው ከዝርዝር ውስጥ አንዱን ቃል ሲመርጥ መልሱ በአራት እጥፍ ይለወጣል። ቅድም የጠቀስኩት የ2004ቱ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1975 ከተደረጉ ሙከራዎች ጋር ሲነጻጸር ነበልባላማ እሳት ለማምለጥ የሚሰጠው ጊዜ ከ17 ደቂቃ ወደ 3 ደቂቃ መውረዱን አሳይቷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱም የዘመኑ የቤት ዕቃ ቶሎ መንደዱ ነው። ስለዚህ እሳቱን መካከለኛ ብሎ መርጦ 192 ሰከንድ ብሎ መፈረም ለባለቤቱ የማይገባ እርግጠኝነት መስጠት ነው። በሰነዱ ላይ መስፈር ያለበት ምን ዓይነት እሳት፣ የት ላይ፣ በምን የመነሻ ሙቀት እንደተገመተ፣ ከዚያም ከስንት እስከ ስንት ሰከንድ እንደሆነ ነው። ሞዴሉ በእርግጥ የሚያግዘው ጠቋሚውን ከዚህ ወደዚያ ብናዛውረው ይሻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ነው፤ የግምቱ ስሕተት በሁለቱም አማራጮች ላይ ስለሚኖር ንጽጽሩ ያን ያህል አይዛባም።

የመጨረሻው ነጥብ የጭስ ጣሳው ሙከራ ነው። ጣሳው በቀጥታ ጠቋሚው ሥር ተይዞ ስለሚረጭ የሚያሳየው ጠቋሚው መሥራቱን፣ ሽቦውና የማንቂያው መቆጣጠሪያ ፓነል መገናኘታቸውን ነው፤ ከወለል ተነሥቶ ኮርኒስ ስለሚደርስ ጭስ አንዳች አይናገርም። አንድ ጊዜ 11 ሜትር ከፍታ ባለው የቆርቆሮ ጣሪያ መጋዘን ርክክብ ላይ በረጅም ዘንግ የረጨነው ጣሳ ሁሉንም ጠቋሚዎች ከአሥር ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አስጮኸ፤ ባለቤቱም ለመፈረም ብዕር አወጡ። አንድ ሙከራ ይቀረኛል ብዬ ለምኜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወለሉ መካከል የሙከራ ጭስ ለኮስን። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣና ጣሪያው ሊደርስ ሦስት ሜትር ያህል ሲቀረው ቆሞ እንደ ነጠላ ተነጠፈ፤ ፓነሉ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዝም አለ። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ያንኑ ስንደግመው ጭሱ ጣሪያው ደረሰ፤ ሁለት ጠቋሚዎችም ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ጮኹ። ባለቤቱ ብዕራቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ በኋላ በ7 ሜትር ከፍታ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ የሚያይ የብርሃን ጨረር ጠቋሚ ጨመርን፤ በርክክብ ሰነዱም የምላሽ ጊዜው በአንድ ቁጥር ፈንታ «ጠዋት» እና «ከሰዓት» በሚሉ ሁለት መስመሮች ተጻፈ።